ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል
ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስለ መዘጋጀትና በዕለቱ ስለሚገባው ጠባይ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቶሮንቶ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው "ነርስ ስለሆንሽ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ንገሪን" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሌላ ርእስ እንዲፈቀድልኝ ለመንኩ። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሐኪሞቻችሁ ይነግሯችኋል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጠን ምን እንደምንል ግን የሚነግረን ሰው የለም። እያንዳንዳችን ለብቻችን እንገባለን፤ ለብቻችን እንወጣለን፤ ካልተሳካም ለማንም ሳንናገር ዝም እንላለን።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የሂሳብ ባለሙያ አለ፣ ፋርማሲስት አለ፣ ነርስ አለ። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ ይወጣ የነበረ አለ። ነገ ጠዋት ከእነዚህ ውስጥ በተማረበት ሙያ ወደ ሥራ የሚሄደው ስንቱ ነው? በዌርሃውስ፣ በጽዳት፣ በታክሲ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ መሥራት ክቡር ሥራ ነው፤ ብዙዎቻችን በዚያ አልፈናል፣ ልጆቻችንንም በዚያ አሳድገናል። ነገር ግን ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ሳይሠራበት ዓመታት ሲያልፉ ሁለት ነገር ይጎዳል። አንደኛው ኪስ ነው፤ ማኅበራችን ለአገር ቤት የሚልከውም ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ልብ ነው። የልብ ጉዳት ደግሞ በላቦራቶሪ አይታይም።

ከዚያ ሥራ ወደ ሙያችን የምንሻገርበት ድልድይ ብዙ ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ ዲግሪዬን የያዝኩት እዚሁ ውጭ አገር ነው፤ በቃለ መጠይቅም አልፌያለሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ በምሠራበት ክፍል አዲስ ነርስ ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ አንዷ ሆኜ እቀመጣለሁ። ጠረጴዛውን ከሁለቱም ወገን ስላየሁት ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ያልተነገረ አልተሠራም

በመጀመሪያ ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። በቶሮንቶ በሆስፒታሎች፣ በከተማው አስተዳደር፣ በትምህርት ቦርዶችና በባንኮች የሚደረግ ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው እንደ ጨዋታ የሚፈስ ወሬ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያነባሉ፤ መልሱን ይጽፋሉ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጣሉ። ጥያቄዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ "እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?" የሚልና "እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመሽን ጊዜ ንገሪን" የሚል። የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ጋሪ ሌተም የሚባል ምሁር ነው፤ በኋላ እዚሁ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል። የአሠራሩ ዓላማ ጠያቂው የወደደውን ሰው ሳይሆን ሥራውን የሚችለውን ሰው እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ ጥሩ ጎን አለው፤ የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም። አስቸጋሪም ጎን አለው፤ በልብህ ላለው እውቀት ነጥብ አይሰጥም። በነርስ ሙያ አንድ የቆየ አባባል አለ፤ "ያልተጻፈ አልተሠራም" ይባላል። መድኃኒቱን ሰጥተሽ ካልመዘገብሽው እንዳልሰጠሽ ይቆጠራል። ቃለ መጠይቅም እንደዚያው ነው። ያልተነገረ አልተሠራም።

የአንዲት እህታችንን ነገር ላንሳ፤ እንድናገረው ፈቅዳልኛለች። በአገር ቤት ከአሥር ዓመት በላይ በነርስነት ሠርታለች። እዚህ መጥታ ፈተናውን አልፋ፣ የሙያ ፈቃዷን ይዛ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። "የአንድ በሽተኛ ሁኔታ በድንገት የከፋበትን ጊዜና ያደረግሽውን ንገሪን" ተባለች። እሷም "እኛ ዘንድ ሁሉም ይረዳዳል፤ ቡድናችን ጎበዝ ነበር፤ ዶክተሩም ወዲያው መጣ፤ በሽተኛውም ዳነ" አለች። "አንቺስ ምን አደረግሽ?" ብለው ደገሙላት። "ሁላችንም ነው የረዳነው" አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

የአገር ቤት ሰው ይህን ሲሰማ "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ደሟን የለካችው፣ ሐኪም የጠራችው፣ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ ያልተለየችው እሷ እንደሆነች ኋላ ስታወራኝ ነው የተረዳሁት። በዚያ ቀን አልተመረጠችም። እሷ ግን ወደ ማናጀሯ ደውላ "የጎደለኝን ንገሩኝ" ብላ ጠየቀች፤ በነገሯት ላይ ተለማመደች፤ ከወራት በኋላ በሌላ ክፍል ተወዳድራ አለፈች። በመካከሉ አዲስ ትምህርት አልተማረችም። የተለወጠው አንድ ቃል ነው፤ "እኛ" ያለችውን "እኔ" አለች።

ራስን ማመስገን ሌላ፣ ምስክርነት ሌላ

ይህች ቃል ለምን ትከብደናለች? ያደግንበት ነገር ነው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዓይኑን ይሰብራል፤ ራሱን አያነሣም። "ዝም አይነቅዝም" እየተባልን ነው ያደግነው። ይሉኝታም አለን። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ በዚህ ላይ የፍቅርና የትህትና ስማችንን ለመጠበቅ እንጨምርበታለን። ይህ ጸጋችን ነው፤ ጣሉት የምል ሰው አይደለሁም። የታመመ ሰው አጠገብ ስንቆም ከሁሉም የሚበልጥብን ይኸው ትህትና ነው።

ነገር ግን ያው አገር "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚል ተረትም አለው። አባቶቻችን ሁለቱንም ያወረሱን እያንዳንዱን በቦታው እንድንጠቀምበት ነው። ለቅሶ ቤት ዝምታ ያምራል፤ ችሎት ፊት የቀረበ ምስክር ግን ዝም ካለ ፍርድ ይጓደላል። ምስክር "አየሁ፣ ሰማሁ፣ አደረግሁ" ይላል፤ "ጉረኛ" የሚለው የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሥራችሁ ምስክሮቹ እናንተው ናችሁ።

ልዩነቱን በቀላሉ ለመለየት እንዲህ አድርጉ። "ጎበዝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ፣ ሰው ወዳድ ነኝ" ራስን ማመስገን ነው፤ ማንም ሊለው ይችላል፤ ነጥብም አያስገኝም። "በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አስተምር ነበር፤ ደካሞቹን በየሳምንቱ ቅዳሜ ለብቻ አስጠናቸው ነበር" ምስክርነት ነው። የሌላውን ድርሻ መናገርም አይከለከልም፤ እንዲያውም ያምራል። "ሐኪሙን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን ያዘዘው እሱ ነው፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።" በዚህ ውስጥ እውነትም አለ፣ ትህትናም አለ፣ "እኔ"ም አለች።

ከሳምንት በፊት

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላል። ዝግጅቱን ከሳምንት በፊት ጀምሩ።

የሥራ ማስታወቂያውን አትሙትና በእጃችሁ ይዛችሁ አስምሩበት። ጥያቄዎቹ ከዚያው ወረቀት ነው የሚወጡት። "በቡድን መሥራት" የሚል ካለ ስለ ቡድን ይጠየቃል፤ "ቅድሚያ መስጠት" የሚል ካለ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደምታስቀድሙ ይጠየቃል።

ቀጥሎ ከሥራ ሕይወታችሁ አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ ታሪክ ምረጡ። አንድ የተሳካ ሥራ፣ አንድ ከባልደረባ ጋር አለመግባባት፣ አንድ የተቆጣ ደንበኛ ወይም ቤተሰብ፣ አንድ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ፣ አንድ ስሕተት ታይቶ የታረመበት ጊዜ። እያንዳንዱን በአራት አንጓ አስቀምጡት፤ ሁኔታው፣ የእኔ ኃላፊነት፣ ያደረግሁት፣ ውጤቱ። እዚህ አገር "ስታር" ይሉታል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ።

ሁኔታው፦ "በሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንድ አዛውንት ትንፋሽ አጠራቸው።" ኃላፊነቴ፦ "የእሳቸው ነርስ እኔ ነበርኩ።" ያደረግሁት፦ "ቀና አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ስለካቸው ትንፋሻቸው በደቂቃ ከ18 ወደ 28 ከፍ ብሏል፤ የኦክስጅን መጠናቸው ወደ 87 ከመቶ ወርዷል። ባለን መመሪያ መሠረት ኦክስጅን ሰጠሁ፤ ባልደረባዬን ጠራሁ፤ ለሐኪሙ ደውዬ ያየሁትን፣ የለካሁትንና የምፈልገውን በግልጽ ነገርኩት። ሐኪሙ እስኪመጣ ከአጠገባቸው አልተለየሁም።" ውጤቱ፦ "በዚያው ሰዓት ተመርምረው ወደ ከፍተኛ ክትትል ክፍል ተዛወሩ። ሁሉንም መዘገብኩ፤ ለቤተሰባቸውም አስረዳሁ።" ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በውስጡ "ጎበዝ ነኝ" የሚል ቃል የለም፤ የሰማው ሰው ግን ጎበዝ መሆኗን ያውቃል።

ታሪኩ ከካናዳ ብቻ መሆን የለበትም። በደሴ የተሠራ ሥራ ሥራ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ዕቃ ጎድሎ፣ በሽተኛ ወረፋ ይዞ የተሠራ ሥራ እንዲያውም ብልሃት ያሳያል። በታክሲ ያሳለፋችሁትንም ዓመታት እንደ ባዶ ጊዜ አትቁጠሩት፤ ከተቆጣ ተሳፋሪ ጋር በሰላም መለያየት ትልቅ ሙያ ነው።

ታሪኮቹን በእንግሊዝኛ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተለማመዱ። በአማርኛ በልባችን የምናስበው ሁልጊዜ የተሳካ ይመስለናል፤ አፍ ላይ ሲመጣ ነው የሚጠፋው። በስልካችሁ ቅዱትና ስሙት። ቃል በቃል ግን አትሸምድዱት፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋልና።

ቀኖቻችሁን አስተካክሉ። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ ነው። በመስከረም 2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሰው በዚህ አገር አቆጣጠር በሴፕቴምበር 2012 ነው የጀመረው፤ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የለቀቀ ግን በጁላይ 2013 ነው። ልዩነቱ አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ዓመት ነው። ሬዙሜው አንድ ነገር፣ ከአገር ቤት የመጣው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሌላ ነገር ካለ፣ ጠያቂው ስለ አቆጣጠራችን አያውቅምና ውሸት ይመስለዋል። አስቀድማችሁ በአንድ አቆጣጠር አድርጉት። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ "9 ሰዓት" ሲሏችሁ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ሪፈረንስ የሚሆኗችሁን ሰዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነም ንገሯቸው። ሳይነገረው የተደወለለት ሰው ስማችሁን ለማስታወስ ሲቸገር የሚጎዳው እናንተን ነው። ሬዙሜ ላይ ያልሠራችሁትን አትጻፉ። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ከውስጥ ሰው ማግኘትም አይገባም፤ ከታወቀ ሁለታችሁም ትባረራላችሁ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም ያገር ልጅ ይጠረጠራል።

በዕለቱ

ስለ ልብስ ብዙ አልናገርም፤ ንጹሕና ልከኛ ይሁን። ስለ ሽታ ግን እናገራለሁ። በኦንታሪዮ ብዙ ሆስፒታሎች ሽቶ እንዳይቀባ የሚያሳስብ መመሪያ አላቸው፤ አስም ላለባቸው በሽተኞች ሲባል ነው። ስለዚህ ሽቶ ይቅር። ካፖርታችሁንም ከዋዜማው ጀምሮ ከወጥ ቤትና ከዕጣን አርቁት። በወጣችንም በቡናችንም እኮራለሁ፤ ጠያቂዋ ግን ከቁሌቱ ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ትተዋወቅ።

መንገዱን አስቡ። ከስካርቦሮ ወይም ከኤቶቢኮክ በክረምት የሚመጣ ሰው ባቡሩ ይቆማል ብሎ ጊዜ መያዝ አለበት። በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ከኩዊንስ ፓርክ ወይም ከሴንት ፓትሪክ ጣቢያ ቅርብ ናቸው፤ ከበሩ ገብቶ ክፍሉን ማግኘት ግን ሌላ ጉዞ ነው። ከቀጠሮው 15 ደቂቃ ቀድማችሁ በሩ ላይ ሁኑ። ከዚያ በላይ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሻይ ጠጡ። ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ያላችሁ ጠባይም ይታያል።

በጾም ወቅት ከሆነ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ምርጫ ሲሰጣችሁ የጠዋት ቀጠሮ ውሰዱ። ነርስነቴ እዚህ ላይ ይምጣ፤ ውሃ ያላገኘ አእምሮ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቃል ይጠፋበታል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ተማከሩ።

በቪዲዮ ከሆነ መብራቱ ከፊታችሁ ይሁን እንጂ ከኋላችሁ አይሁን። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስም አስተካክሉ፤ የልጃችሁን አይፓድ ተውሳችሁ "አቡሽ" ተብላችሁ እንዳትቀርቡ። ቤተሰቡም ለአንድ ሰዓት ከበሩ ውጭ ይሁን።

ከጠያቂዎቹ ፊት

ስትገቡ ፈገግ ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ስማችሁ ቢያስቸግራቸው አትቆጡ፣ አትፈሩም፤ እንዴት እንደሚጠራ አንድ ጊዜ በቀስታ ንገሯቸው። በአባታችሁ ስም ቢጠሯችሁ እዚህ አገር እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር ነው። እነሱ ራሳቸውን በመጀመሪያ ስማቸው ካስተዋወቁ እናንተም በዚያው ጥሯቸው። እኛ "አንቱ" ስንል የምናሳየውን አክብሮት እዚህ በማዳመጥና በትክክል በመመለስ ነው የምታሳዩት።

ዓይን ማየት ይከብደናል። እኛ ዘንድ አክብሮት የሆነው እዚህ መደበቅ ይመስላል። ዓይን ለዓይን መግጠም ከከበዳችሁ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ተመልከቱ፤ ልዩነቱን አያውቁትም። ሌላም አለ፤ "አዎ" ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን "እህ" እንላለን። የማያውቀን ሰው የደነገጥን ወይም ያመመን ይመስለዋል። በዚያ ቀን "አዎ"ን በሙሉ ቃል ተናገሩት። ድምፃችሁንም ከለመዳችሁት ትንሽ ከፍ አድርጉት።

"ስለ ራስሽ ንገሪን" ሲባል የትውልድ ታሪክ አይደለም የሚጠየቀው። አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ አሁን የምሠራው ይህ ነው፣ ከዚያ በፊት ይህን ሠርቻለሁ፣ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የተጠየቃችሁትን መልሱ። በቅሎን "አባትህ ማነው?" ቢሉት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለ ይባላል። የማታውቁትን ነገር ስትጠየቁ አጎት ፍለጋ አትሂዱ። "ይህ አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝ መመሪያውን አይቼ የሺፍቱን ኃላፊ እጠይቃለሁ" ማለት በጤና ሥራ ውስጥ ጥሩ መልስ ነው። አላውቅም የሚል ነርስ አያስፈራንም፤ ሳያውቅ የሚነካ ነርስ ነው የሚያስፈራን። ጥያቄው ካልገባችሁም እንዲደገምላችሁ ጠይቁ። ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ዝም ማለትም አይጎዳም።

"ከባልደረባ ጋር የተጋጨሽበትን ጊዜ ንገሪን" ሲባል ብዙዎቻችን "ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም" እንላለን። እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ስለ ጠብ አይደለም፤ የሐሳብ ልዩነት ሲመጣ ዝም ትያለሽ ወይስ ትናገሪያለሽ ነው። ዝም የሚል ሠራተኛ በሽተኛ ሊጎዳ ይችላል። ሰውየውን ለብቻው አነጋግራችሁ የተስማማችሁበትን ጊዜ ተናገሩ። የቀድሞ አሠሪን ግን አትሙ፤ ቢበድላችሁም እንኳ።

"ድክመትሽ ምንድን ነው?" ለሚለው እውነተኛና ሥራውን የማያፈርስ ነገር ምረጡ፤ ለማሻሻል የምታደርጉትንም ጨምሩ። በመጨረሻ "ጥያቄ አለሽ?" ይላሉ። "የለኝም" አትበሉ። "አዲስ ሠራተኛ ስንት ሳምንት ይሠለጥናል? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሕጉ የሚለው

ጥሩ ጠባይ መብትን አለማወቅ አይደለም። የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ሕግ በሥራ ቅጥር ላይ በዘር፣ በቀለም፣ በትውልድ ቦታ፣ በዜግነት፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በትዳርና በቤተሰብ ሁኔታ፣ በአካል ጉዳትና በሌሎችም ምክንያቶች ማዳላትን ይከለክላል። "ካናዳ ውስጥ ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አለሽ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። "የት ተወለድሽ? ስንት ልጅ አለሽ? ልትወልጂ ታስቢያለሽ? የት ነው የምትጸልዪው?" የሚሉት ግን ከሥራው ጋር ካልተያያዙ ቦታቸው አይደለም። ቢመጡ አትቆጡ፤ ከጀርባው ያለውን የሥራ ጉዳይ መልሱ። ስለ ልጅ ሲጠየቅ፣ "የሌሊትም የቅዳሜና እሑድም ሺፍት መሥራት እችላለሁ" በቂ መልስ ነው። ከቤት ስትደርሱ የተባለውን ከነቀኑ ጻፉት። የሰብዓዊ መብት የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ በነፃ ያማክራል፤ አቤቱታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ በመደበኛው አንድ ዓመት ነው።

ስለ "ካናዳ ልምድ" ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን መስፈርት የሚቃወም መመሪያ አውጥቶ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሕዝብ በሚያወጣው የሥራ ማስታወቂያ ላይ የካናዳ ልምድ መጠየቅ በሕግ ተከልክሏል። በአብዛኛው ደመወዙን ወይም የደመወዙን ክልል መግለጽ አለበት፤ አመልካቾችን ለማጣራት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚጠቀም ከሆነም መናገር አለበት። ቃለ መጠይቅ ላደረገለት ሰው በ45 ቀን ውስጥ ውሳኔ መደረግ አለመደረጉን ማሳወቅም ግዴታው ነው። ስለዚህ ስልክ ታቅፋችሁ ለወራት መጠበቅ ቀርቷል። ደመወዝ ስትጠየቁም ማስታወቂያው ላይ ያለውን ክልል አይታችሁ፣ ልምዳችሁን ጠቅሳችሁ ተናገሩ፤ "የሰጣችሁኝን" አትበሉ።

ከዚያ በኋላ

በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ላኩ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የተጠየቃችሁትን ሳትረሱ ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ይጠቅማል። ካልተመረጣችሁ ያቺ እህታችን እንዳደረገችው የጎደለውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልቀመጥም። ሁሉን አሟልታችሁም የማይሳካበት ጊዜ አለ። ስማችሁን አይቶ የሚያልፍ ሰው አለ፤ የንግግር ቅላጼያችሁን ሰምቶ ጆሮውን የሚዘጋ አለ። ይህ እውነት ነው፤ ዝግጅት ብቻውን አያጠፋውም። ዝግጅት የሚያደርገው በእናንተ እጅ ያለውን ማሟላት ነው። በእጃችሁ ያለውን አሟልታችሁ ካልሆነ፣ የሌላውን ጥፋት የራሳችሁ አድርጋችሁ ተሸክማችሁት አትዙሩ። አብሽሩ። ሌላ ማስታወቂያ አለ።

ብቻችሁንም አይደላችሁም። ከውጭ አገር ተምረው የመጡ ነርሶችን የሚረዳ ኬር ሴንተር የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዚህ ከተማ አለ። አክሰስ ኢምፕሎይመንትም በልዩ ልዩ ሙያ ላሉ አዲስ መጪዎች የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ይሰጣል። ተጠቀሙባቸው።

ለማኅበራችን የማቀርበው

በመጨረሻ ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት እንስጥ። ሦስት ወንበር ከጠረጴዛው በዚያ በኩል፣ አንድ ወንበር በዚህ በኩል። በሙያው ሥራ ያገኘ ሰው ይጠይቅ፤ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቀው ይመልስ፤ ከዚያ ያየነውን በፍቅርና ሳንሸፋፍን እንንገረው። የነርሶችን እኔ እይዛለሁ። መሐንዲሶችና የሂሳብ ባለሙያዎች ከመካከላችሁ አንድ አንድ ሰው ስጡ። በደሴ ያሉ ወጣቶችም በቪዲዮ ይግቡ፤ እዚያም ቢሆን ተመራቂው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው፤ ራሱን በግልጽ ማስረዳት የሚችል ሰው የትም ቢሆን ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂ መሆን ያሳፍራል ብላችሁ እንዳትሰጉ። ከባዕድ ፊት ከመሰናከል ከያገር ልጅ ፊት ተሰናክሎ መነሣት ይሻላል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ አቦልን ሳንጠጣ የሚጠየቅ የለም፤ በረካ ሳይደርስም የሚሄድ የለም።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ይባላል። እስከ ዛሬ እያንዳንዳችን ሃምሳውን ሎሚ ለብቻችን ተሸክመን ወደዚያ ክፍል ገብተናል። ከዛሬ ጀምሮ እንካፈለው። መመዝገቢያው ወረቀት ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ፤ ጠያቂ ወይም ተጠያቂ ብላችሁም ምልክት አድርጉበት።

 አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ የሁላችሁንም እንጀራ ይባርክ።